በአመድ የተፈተገው ኮፈን

ሙሉመቤት መኪና ስታይ ፊት ለፊት አታይም። ጎንበስ ትላለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፀሐይዋን በቀለሙ ላይ አስተኝታ በአግድም ትመለከታለች። ጭረት የሚታየው እንዲያ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ «ምን ሆነ? ያበራል እኮ!» የሚል ሰው በእሷ ቤት ገና መኪና አላየም።

በማርያም ዋዜማ፣ ጥር ሃያ ቀን ከቀትር በኋላ ግን ጎንበስ ማለት አላስፈለጋትም። ጥቁሩ ፒክአፕ ከመሐል ሜዳ ከተማ መውጫ ላይ ካለው ላቫጆዋ ገብቶ ሲቆም ከቆመችበት ሆና አየችው። ኮፈኑ ከዳር እስከ ዳር ክብ በክብ ተጭሯል። የአገር ሸረሪት ተሰብስቦ ድሩን ሲያደራበት ያደረ ይመስላል።

«ምን አገኘው?» አለች የውሃውን ጎማ እየዘጋች።

ሹፌሩ በዕውቀቱ ከጋቢናው ወረደ። «እኔን አትጠይቂኝ እትዬ ሙሉ። ጥፋተኛውን ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

በወዲያኛው በር አባ ቴዎፍሎስ ወረዱ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ የሙሉመቤትም የነፍስ አባት። እጇ በሳሙና ስለራሰ ግንባሯን ብቻ አስጠግታ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ኃጢአትሽን ይዘሽ የምትመጪው። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

«ምን አድርገው ነው አባ?»

«በአመድ ፈተግሁት።»

በዕውቀቱ ሳቁን መያዝ አቅቶት የመኪናውን እግር የሚመረምር መስሎ አጎነበሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናውን አዲስ አበባ የሚኖሩ የደብሩ ተወላጆች አዋጥተው ነው ለቤተ ክርስቲያኗ የሰጡት። አሮጌ ቢሆንም አንድ ጊዜ በደንብ ተቀብቶ የመጣ ነው። ከደብረ ብርሃን ዘቢብና ጧፍ ያመጣል፤ ዳገቱ ያቃታቸውን ካህናት ያደርሳል። በማግስቱ፣ በማርያም ንግሥ፣ የተወላጆቹ ተወካይ አቶ ምስክር ሊያዩት ይመጣሉ። አባ ቴዎፍሎስ ለበዓሉ ጽናውንና ጸናጽሉን፣ የመጾር መስቀሉን ጭምር እንደ ልማዳቸው በተነፋ የኩበት አመድና በሎሚ ፈትገው ሲጨርሱ አመዱ ተረፈ። ደጅ መኪናው ቆሟል። ኮፈኑን ወፍ አበላሽቶታል። «ይህስ የማርያም ዕቃ አይደለም ወይ?» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ትናንት ምሽት፣ ርጥብ እንደሆነ፣ እንደ መስተዋት አብርቶላቸው ነበር። ጉዱ የታየው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነው።

«ናስ በአመድ ይጠራል፣» አሉ አባ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ይኸንን ነው።»

«ናስ ቢፋቅም ከሥሩ ያው ናስ ነው አባ። ይኼ ግን ከቀለሙ በላይ ስስ ልባስ አለው። እሱ ካለቀ አለቀ። አመድ ደግሞ የቱንም ያህል ቢነፋ አሸዋ አያጣም።»

«አቶ መኳንንት ገና አላዩትም፣» አለ በዕውቀቱ። አሁን አልሳቀም። «ካዩት ቁልፉን ይወስዱባቸዋል።»

አቶ መኳንንት የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከክረምት ጀምሮ «የአባ ዓይን ደክሟል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለጎልማሳ ይሰጥ» ማለታቸውን የማያውቅ ምእመን የለም። ቁልፉ ከአባ መታጠቂያ ላይ ታስሮ ሲሄዱ ይንቀጫቀጫል። ያ ቁልፍ ከወገባቸው ከወረደ አባ ቴዎፍሎስ ጠዋት የሚነሡለት ጉዳይ አይኖራቸውም። ሙሉመቤት ይህን ማንም እንዲነግራት አልጠበቀችም።

ዝግጁ ግን አልነበረችም። ከጥምቀት ወዲህ አላረፈችም። በበዓል ሰሞን የአገሩ ሚኒባስ ሁሉ የአገሩን አቧራ ተሸክሞ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ቀኝ ትከሻዋ ከጆሮዋ በላይ አይነሣም፤ ሻሿን የምታስረው በግራዋ ነው። የጤና ጣቢያው ሰው «ይህን እጅ አሳርፊው» ቢላት፣ «የት ላሳርፈው? አብሮኝ ነው የሚውለው» ብላው ወጥታለች።

ሥራውን የተማረችው ደብረ ብርሃን ከአንድ ቀለም ቤት ነው። ወንዶቹ ስቱኮ ሲለጥፉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ፣ ቀለም ሲነፉ ይቆዩና እሷ ጨርቅና ቅባት ይዛ መጨረሻ ላይ ትገባለች። አሽታ አሽታ መልኩን ታወጣለች። «ሙሉ ያልነካችው አላለቀም» ይባል ነበር። ቤቱ ሲዘጋ፣ ባሏም ዐርፎ ስለነበር፣ ልጆቿን ይዛ ወደ መንዝ ተመለሰች። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄዱ። ከዚያ ዘመን አብሯት የቀረው ትከሻዋ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ታላቁ ልጇ «እጅሽን ተዪው» ብሎ የፖሊሽ ማሽን አመጣላት። አላኮረፈችውም። ሰዎች የእጅ ሥራ ይበልጣል ሲሏት ትበሳጫለች፤ እነሱ ምን ቸገራቸው፣ የሚያሸው የእነሱ ክንድ አይደለም። በእጅ የታሸ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ቅባቱ ይሞላውና ይደበቃል፤ ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲመታው ተመልሶ ይወጣል። ማሽን ግን ዙሪያውን በልቶ ያስተካክለዋል። ችግሩ መብላት የሚያቆምበትን አያውቅም። በተለይ ጠርዝ አይምርም፤ ለአፍታ ከረሱት ቀለሙን ልጦ ላሜራውን ያሳያል።

«በማሽን ነው የምንሠራው፣» አለች። «በእጅ ብቻ ይህን ሁሉ ጭረት ላወጣው አልችልም። አልዋሽዎትም።»

መጀመሪያ ውሃ። አመዱ ከየስንጥቁ ታጥቦ እስኪያልቅ ብዙ ውሃ። ከዚያ የኮፈኑን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፈነች። የማሽኑ ስፖንጅ ላይ ቅባት ነጠብ ነጠብ አድርጋ፣ ሳታስነሣው ቀለሙ ላይ ዳበሰችው፤ እንዲህ ካልሆነ ቅባቱ ግድግዳ ላይ ነው የሚረጨው። ቀስ ብላ አስነሣችው። ማሽኑ አንድ ቦታ ሳይቆም ወዲህና ወዲያ ሄደ። በየመሐሉ የእጇን ጀርባ ቀለሙ ላይ እያሳረፈች ሙቀቱን ትለካለች። ስትጠርገው የሹፌሩ በኩል ግማሽ ጥልቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አባ ጢማቸውን አዩበት።

«ስብሐት ለእግዚአብሔር፣» አሉ።

ማሽኑ ዝም አለ።

ሙሉመቤት መጀመሪያ የጣቷ ጥፋት መሰላት። ከዚያ ማዶ ያለው ወፍጮም ዝም ማለቱን ሰማች።

«መብራቱ በዓል አክባሪ ነው፣» አለ በዕውቀቱ። «ከዋዜማው ጀምሮ ያርፋል!»

«ያንተን ቀልድ…» አለችና ተወችው። ጠበቁ። ጥላው ግቢውን እየበላ መጣ፤ የመንዝ ብርድም ተከትሎት። መብራቱ አልመጣም። ኮፈኑ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሸለተ በግ መስሎ ቁጭ አለ። ሁሉም ተጭሮ ቢሆን ደብዛዛ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ግማሹ ሲያበራ ግማሹ ራሱን ያሳብቃል።

ጨርቅ አጠፈችና በእጇ ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ትከሻዋ ያዛት። በግራዋ ቀየረች፤ ግራዋ ሥራውን አያውቅም። ክርኗን ኮፈኑ ላይ ልትደግፍ አለችና በእጅጌዋ ቁልፍ እንዳትጭረው ፈርታ ተነሣች። ድካሙ ከእጅ አልፎ ወደ ሆድ የሚገባ ዓይነት ነበር። ቤቷ ገብታ እግሯን አጥፋ ብትቀመጥ ማን ይከሳታል?

«አምጪው፣» አሉ አባ።

«ተዉ አባ፣ እርስዎ—»

«አምጪው ነው የምልሽ። ያበላሸው እጅ ምን ሥራ አለው?»

ሰጠቻቸው። አባ ጨርቁን ይዘው፣ ጽና እንደሚፈትጉ ሁሉ፣ በክብ ማዞር ጀመሩ።

«ኧረ አያዙሩት! እንዲያ ነው እኮ እዚህ ያደረሱን። ቀጥ አድርገው። ከመስተዋቱ ወደ አፍንጫው፣ ከዚያ ደግሞ በአግድም።»

«እንዲህ?»

«አይጫኑት። ቅባቱ ይሥራ። አዎ… አሁን ጨርቁን አጥፈው ይገልብጡት፣ በቆሸሸው ፊቱ አይመለሱበት።»

በዕውቀቱ በሩን ተደግፎ፣ «አባ ንስሐዎን እትዬ ሙሉ ጠንከር አድርገው ሰጡዎት» አለ።

«አንተ ከምታወራ ያንን ባልዲ ሙላ!» አሉት አባ፤ ሄዶ ሞላ።

አንድ ጊዜ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። አንሥተው እፍ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሙሉመቤት ነጠቀቻቸው። «መሬት የነካ ጨርቅ ዳግመኛ አይነካውም። አንዲት ደቃቅ አሸዋ ይበቃል።» አባ አልተቀየሙም። «መሬት የነካ መሸፈኛ እኛም ሳይታጠብ ወደ ውስጥ አንመልስም፣» አሉና አዲስ ጨርቅ ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ምንም መንገር አላስፈለጋትም። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል፤ አንጓቸው ግን ብረት ሲያበራ የኖረ አንጓ ነው። እሷ ግራ ቀኝ እያለች በአግድም ታያለች፤ «እዚያ ጋ ትንሽ» ትላለች፤ እሳቸው ያሻሉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለቱ ግማሾች ተቀራረቡ። እኩል አልሆኑም። በእጅ የታሸው ፈዘዝ ይላል፤ ለሚያውቅ ይታወቃል። ወፉ ካበላሸው ቦታ ላይ ደግሞ፣ አባ አጥብቀው የፈተጉበት ነበርና፣ አንድ ጭረት አልወጣም። ሙሉመቤት ጥፍሯን አሳለፈችበት። ጥፍሯ ቆመ።

«ጥፍር የያዘ ጭረት አይወጣም፣» አለች።

«ትንሽ ብጨምርስ?»

«ከሥሩ ያለውን ቀለም ያገኙታል። ያን ጊዜ ጭረት ሳይሆን ቁስል ነው። ይቅር አባ።»

አባ ጨርቁን አጥፈው ሰጧት። አንድ እጃቸው ሄዶ ቁልፉን ዳሰሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉመቤት ነጠላዋን በግራ እጇ ተከናንባ ዳገቱን ወጣች። ትከሻዋ ሌሊቱን እንደ ጥርስ ሲጠዘጥዛት አድሮ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ቆማ መኪናው ሲመጣ አየች። በዕውቀቱ ሽማግሌ ካህናቱን ጭኖ በሕዝቡ መሐል ቀስ እያለ ይነዳል፤ የሕዝቡ እግር የሚያነሣው አቧራ ሁሉ በኮፈኑ ላይ ይሰፍራል። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ጥቁር መሆኑን የሚያስታውስ አልነበረም። ያ ሁሉ ማሸት ለዚህ ነው? ብላ ሳቋ መጣ፤ ለመሳቅ ግን ደከማት።

እንግዳው አቶ ምስክር ነጭ በነጭ ለብሰው ከአቶ መኳንንት ጋር ወደ መኪናው መጡ። መሪውን አዩ፣ የኋላውን ሳጥን አዩ። ከዚያ «ይኼ ጥቁር አልነበረም እንዴ?» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ኮፈኑን ሊጠርጉ እጃቸውን ሰነዘሩ።

ሙሉመቤት አፏን ከፈተች። ርቀቱ ድምፅ አያደርስም ነበር።

ከጎን ቆመው የነበሩት የአባ ቴዎፍሎስ እጅ የእንግዳውን አንጓ ከአየር ላይ ያዘ።

«በደረቁ አይጠረግም ልጄ። አቧራው ይጭረዋል።»

«እንዴ አባ!» አቶ ምስክር ሳቁ። «ይህን ደግሞ ከየት ተማሩት?»

ሙሉመቤት በሴቶቹ መሐል እየተጋፋች ቀረበች። አባ «ሙሉመቤት ነግራኝ» ቢሉ እውነት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። አቶ መኳንንትን አዩ፤ ቁልፋቸውን ዳሰሱ።

«ጭሬው ነው የተማርሁት፣» አሉ። «ለበዓሉ ይብራ ብዬ በአመድ ፈትጌው ነበር። ይቺ ልጄ ናት ያቃናችው። አንዱ ግን አልወጣም።» በአቧራው ላይ፣ ሳይነኩ፣ ቦታውን በጣታቸው አመለከቱ።

አቶ ምስክር የያዙትን ጋቢ ለቀቁ። «እኔማ አሁን ልደግምበት ነበር፣» አሉ።

አቶ መኳንንት ግን አልሳቁም። «ጽናውንስ በምን ፈተጉት?»

«በዚያው አመድ።»

ዲያቆኑ ጽናውን ይዞ ከበሩ ወጣ። ፀሐይዋ አገኘችው። አቶ መኳንንት ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«እሱስ አብርቷል፣» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መቆጣት ብለው። «ዕቃ ቤቱ ይቆይዎት። መኪናውን ግን ከእንግዲህ እንዳይነኩት። ሙሉመቤት በየበዓሉ ታጥበዋለች። የማርያም ነው፣ እምቢ አትልም። አይደለም እንዴ?»

ማንም ስለ ትከሻዋ አልጠየቃትም። እዚያ ከቆሙት የሚያውቅም የለ።

«ያለ አባ አላጥበውም፣» አለች።

«እንዴት?»

«የእኔ እጅ ጣሪያ አይደርስም። የእሳቸው ይደርሳል። አሁን ደግሞ ያውቁበታል።»

አቶ መኳንንት አባን አዩ፣ እሷን አዩ። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ!» ብለው ዞሩ።

በዕውቀቱ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ፣ «አባ፣ ባልዲውን ማን ይሙላ?» አለ።

«አንተ!» አሉት አባና ሙሉመቤት እኩል።

ታቦቱ ወጣ፤ እልልታው ዳገቱን ሞላው። ሴቶቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ያጨበጭባሉ። ሙሉመቤትም አጨበጨበች፤ ከወገቧ ትይዩ፣ ትከሻዋ በሚፈቅድላት ልክ።