ኢንስፔክተሩ ከአጥር ውጭ የሰማው ትምህርት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ግሦች ላይ «ኢንግ» እየጨመሩ መጻፍ ነበር። «ሲት» የሚለው ላይ ስትደርስ አንድ ቲ ብቻ ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ሳላስበው «ድገሚ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ክው አለች፤ እናቷም ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አለችን። ምንም አልሆንንም፤ ፎንቆ ትዝ ብላኝ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ፎንቆ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ያውም አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ። ከሆሳዕና በጭነት መኪና ስመጣ ቀይ አቧራ ጠጥቼ ደረስኩና ያን ዕለት መመለስ አማረኝ። «ቀስ እያልሽ ትለምጃለሽ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። መልመድ መቼ ፈለግሁና! ልብሴን እንኳ ከሻንጣ አላወጣሁም። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ። ተማሪዎቼም ዐመሌን አውቀው ገና ከሩቅ ሲሰሙ «ቲቸር፣ መኪና!» ይሉኝ ጀመር።

ዝውውር የሚወሰነው ሆሳዕና ባለው ኢንስፔክተር ቃል ነበር። የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሸምገል ያለ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር። ስለምነው «መጀመሪያ ስታስተምሪ ልይሽ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። እኔም ክፍሉ እንደ ጨዋታ የሚወደውን ይህንኑ የ«ኢንግ» ትምህርት መረጥኩ። መቁረጥ የሚለውን «ካት» ብዬ ስጠራ የመጨረሻው ፊደል ይደገማልና ሁሉም «ድገሚ!» ይላሉ። «ሜክ» ስል መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ ትወድቃለችና «ጣዪ!» ይላሉ። ወንዶቹም ሳይቀሩ «ድገሚ፣ ጣዪ» ነበር የሚሉት፤ ምክንያቱም የምትመራቸው ሸምሲያ ነበረች። አባቷ በፎንቆና በጃጁራ ገበያ የሚነግድ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ድምፅዋ ገበያ ሙሉ ሰው የሚያቆም።

ኢንስፔክተሩ በሚመጣበት ጠዋት ክፍል ስገባ አንዲት ሴት ልጅ የለችም። ወንዶቹ ብቻ በአግዳሚው ላይ ተበታትነው ተቀምጠዋል።

«ሴቶቹስ?»

«እንሰት ሊፍቁ ሄዱ፣ ቲቸር። ሸምሲያ ቤት።»

«ካት!» ብዬ ሞከርኳቸው። አንዱ አጉረመረመ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቀልኝ ብዬ ልጆቹን እንዲቀመጡ አዝዤ ሮጥኩ።

ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ደርቋል። ከሸምሲያ ቤት ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል፣ የጎረቤት ሴቶች ቅጠል አንጥፈው ተቀምጠዋል። መፋቂያውን እንጨት አጋድመው፣ የእንሰቱን ግንድ ቅርፊት በእግራቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው በቀርከሃ ይፍቁታል። ተማሪዎቼም በየእናታቸው አጠገብ ናቸው። እርጥብና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ጓሮውን ሞልቶታል። የሸምሲያ እናት እትዬ መይሙና የመጣሁበትን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንሰቱ ወድቋል። አንዴ ከወደቀ አይጠብቅም። ጎረቤትም ተራ ይዞ ነው የመጣ» አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እጅ አለሽ አይደል? ቁጭ በይ። ቶሎ ካለቀ ልጆቹን ትወስጃለሽ።»

ምን አማራጭ ነበረኝ? ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እግሬ ቅርፊቱን አልይዝ ብሎ ሲያዳልጠኝ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ ጭማቂው እጄን በላኝ። ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ብዙም ሳልቆይ የላንድሮቨሩን ድምፅ ሰማሁ። ይባስ ብሎ ወንዶቹ ያለሁበትን ነግረውት ኖሮ ኢንስፔክተሩ ራሱ በእግሩ መጣ።

ሴቶቹ ገና ኮቴውን ሲሰሙ ተንጫጩ። በዚያ አገር እንሰት የሚፋቅበት ወንድ አይደርስም፤ ባል እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ኢንስፔክተሩም ይህን እያወቀ ያደገ ነውና አጥሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ወይዘሪት፣ አልገባም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙዱላ መድረስ አለብኝ። እዚያው ሆነሽ አስተምሪ፤ እኔ እዚህ እሰማለሁ።»

ቀርከሃውን እንደያዝኩ «ካት!» አልኩ።

«ድገሚ!» አለች ሸምሲያ። ልጆቹ ተከተሏት። «ሜክ!» ስል «ጣዪ!» አሉ። በሦስተኛው ቃል ላይ እናቶቹ ገቡበት። «ድገሚ» ሲባል ቅርፊቱን ደግመው ይፍቃሉ፤ «ጣዪ» ሲባል የተፋቀውን ወዲያ ይወረውራሉ። እትዬ መይሙና የአንገቷ ሥር እስኪገተር ትጮሃለች። እኔም ረሳሁት፤ መኪናውንም አዲስ አበባንም ረስቼ ቃል ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ስንጨርስ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ኢንስፔክተሩ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እናቶች ጭምር!» አለ። «እንዲህ ያለ ትምህርት በዚህ አውራጃ ሰምቼ አላውቅም። አንቺንማ ከዚህ አላነሣሽም። ዝውውሩን እርሺው።»

ጨብጦኝ ሄደ። እኔ እጄ እንደተጣበቀ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት፤ መጥፎ ባስተምር ይሻለኝ ነበር እያልኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ ስመለስ እትዬ መይሙና ብድግ ብላ አቀፈችኝ።

«ፈቀደልሽ አይደል? ሸምሲያ ነግራናለች። ሰውየው ደስ ካለው አስተማሪዋ አገሯ ትገባለች ብላናለች። ለዚህ እኮ ነው የጮህነው! እይ፣ ድምፄ ጠፋ።»

እውነትም ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። ሸምሲያን አየኋት፤ ፊቷን አዞረች። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች።

«ይታያል ብሎኛል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እነሱም ለስንብቴ ብለው ቡላውን በቅቤና በአይብ አድርገው አተካና የሚሉትን ሠሩልኝ። ሳልሰናበት የስንብት ምግቤን በላሁ። ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ አለ።

ዝውውሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ እኔም ሄድኩ። ልጆቼ ግን እስከዚያ መቆየቴን ለሰው ሲያወሩ «ፎንቆን ወዳ ቀረች» ይላሉ። ወድጄ አልቀረሁም፤ ከዚያ ቀን በኋላም መኪና በመጣ ቁጥር ልቤ ይሮጥ ነበር። ብቻ ወደ መስኮቱ መሄድ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አስተምሬያለሁ፤ በየሄድኩበት «አትሂጂብን» ያለኝ ሰው ሞልቷል። የልብሽ ይድረስ ብሎ፣ ለራሱ ሳይሆን ለእኔ ሲል እንድሄድ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የጮኸልኝ ግን ከዚያ ጓሮ ውጭ አላገኘሁም።