የአርብ ጧት ታላላቆች

ልጅ ሳለሁ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠችው መንደራችን፣ ዓለም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትፈጠር ነበር። ፈጣሪዋ እግዚአብሔር፣ ተራኪው ደግሞ የአባቴ አባት አባባ ታረቀኝ ነበሩ። ያኔ ከብቱ ገብቶ፣ ኩራዙ በርቶ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ምድጃውን ስንከብ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው «ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» ይሉናል። እሑድ ከሆነ የእሑድን ፍጥረት፣ ረቡዕ ከሆነ የረቡዕን ነበር የሚነግሩን፤ ብንለምናቸውም ዕለት አያዘልሉም።

አባባ ቄስ አልነበሩም። በልጅነታቸው ለጥቂት ዓመታት የቆሎ ተማሪ ሆነው ከዞሩ በኋላ ወደ ሞፈራቸው የተመለሱ ገበሬ ናቸው። ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረታት ግን እንደ በሬዎቻቸው ስም ነበር የሚያውቋቸው። የእሑድ ፍጥረት ስምንት ስለሆነ ወጋችን ይረዝማል፤ ሰኞ ጠፈር ብቻ ስለሆነ ደግሞ «በቃ? ይኸው ነው?» ብለን እናጉረመርማለን። ሐሙስ የባሕሩን ፍጥረት ሲተርኩ፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁት አያቴ፣ ዓሣ አንበሪን በሊማሊሞ ቁልቁለት ሲወርድ ካዩት ባለ ተሳቢ መኪና ጋር ያስተካክሉት ነበር። ቅዳሜ ትረካ የለም። «እሱም አርፏል» ብለው ጠላቸውን ይጠጣሉ። ብዙ ሰው ስለ አያቱ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ከእኔ አያት የሚስተካከል ግን አልሰማሁም። ትኩራራለች የሚለኝ ካለ፣ አዎን እኮራለሁ።

የሁላችንም ተወዳጅ አርብ ነበረች። አርብ ጧት እንስሳቱ፣ አራዊቱና አዕዋፉ በየወገናቸው ሲፈጠሩ፣ አባባ ዋልያውን በሁለት ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ያዘልሉታል፤ ደረተ ቀዩን ጭላዳ ዝንጀሮ ጥርሱን እያሳየ ያስቆጡታል። ሰው የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ መሬትና ውሃ፣ እሳትና ነፋስ ተዋሕደው። «እነሱ ይቀድሙናል» ይሉ ነበር፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ሰው ሲመጣ ቤቱ ሞልቶ ነው የጠበቀው።» ይህችን ቃል ከልጆቹ ሁሉ አጥብቄ የያዝኋት እኔ ነበርሁ። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገብስ በሚያፈራበት ወራት የኛ አገር ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ከገደሉ እየወጣ ሰብል የሚፈጀውን ጭላዳ ይከላከላል። ለእኔ አባቴ አፋፉ አጠገብ ያለውን ማሳ እንድጠብቅ ሰጠኝ። በዚያ ዓመት ሌላውን እርሻችንን በረዶ መትቶት ስለነበር፣ ለከርሞ የሚሆን ዘር የሚገኘው ከዚያ ማሳ ብቻ ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብል ዛሬ ለራሴ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አውቅ ነበር።

ፀሐይ ብቅ ስትል መንጋው አፋፉን ወጣ። ከፊት ጎፈሬው ትከሻው ላይ የተነሰነሰ አንድ ትልቅ ጭላዳ ነበር፤ አካሄዱ ሁሉ የተከበረ የአገር ሽማግሌ ነው። ወንጭፌ ውስጥ ድንጋይ አስገባሁና እጄ ቀጥ አለ። ዕለቱ አርብ ነበር። በቤታችን ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም፤ ሰድጄ በእጄ ላይ የተመታሁበት ጊዜም አለ። እነዚህ ደግሞ ጧት የተፈጠሩ ታላላቆቼ ናቸው። ድንጋዩን ጣልሁት። መጣል ብቻም አይደለም፤ እናቴ ለትልቅ ሰው ተነሽ ብላ እንዳስተማረችኝ፣ ከተቀመጥሁበት ብድግ ብዬ ቆሜ ተቀበልኋቸው። እነሱም ግብዣዬን አልናቁብኝም፤ እስኪጠግቡ በሉ።

አባቴ ረፋድ ላይ ሲደርስ ከማሳው የተረፈው የተረጋገጠ አገዳ ነበር።

«ተኝተሽ ነበር?» አለኝ፤ ከቁጥቋጦው ልምጭ እየቆረጠ።

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እነሱ ይቀድሙናል። አባባ ናቸው ያሉት።»

የቆረጠው ልምጭ እጁ ላይ ቀረ። ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወሰደኝና አባባ ፊት አቆመኝ። «ይኸውልዎ ደቀ መዝሙርዎ! ዘሬን ለጭላዳ አብልታልኛለች። ሁለተኛ ማማ ላይ አትወጣም።»

አባባ ነገሩን ከእኔ አፍ ሰሙ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ጅምሩን እየነገርሁ ፍጻሜውን ሳልነግራት እንቅልፍ ይወስዳታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ሰው ኋላ የመጣው ታናሽ ስለሆነ አይደለም፤ ባለአደራ የሚጠራው ቤቱ ከተሰናዳ በኋላ ስለሆነ ነው። አዳምን ገነት ያስገባው እንዲያርሳትም እንዲጠብቃትም ነው። ባለአደራ ጭላዳውን አይፈጅም፤ ገብሱንም አያስፈጅም። ስለ ሁለቱም ይጠየቃል።»

ይህን ብለው ተነሡና ጓዳ ገቡ። እዚያ አፉ በጭቃ የተመረገ ጎታ ነበር። ማንም አይነካውም፤ አባባ ለተዝካራቸው ብለው ከየዓመቱ አዝመራ እየቀነሱ ያጠራቀሙት ገብስ ነው። በኛ አገር ሽማግሌ ሰው ያለ ተዝካር ከቀረ ስሙ አብሮት ይቀበራል። አባባ በመጥረቢያ ጀርባ ምርጉን መታ መታ አድርገው አፈረሱት፤ ገብሱም ተንዠቀዠቀ።

«ኧረ አባዬ!» አለ አባቴ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን እኔ የት እሰማዋለሁ? ሞቼ የለ! ልጆችህ ግን ከርሞ ርቦናል ሲሉህ ትሰማቸዋለህ። እንካ፣ ዝራው።»

ያኔ አለቀስሁ። በልምጭ ብገረፍ ይሻለኝ ነበር።

ገብሱ በሰኔ ተዘራ። አባባ ነሐሴ ሲገባደድ፣ ቡቃያው ጉልበት ሲያህል፣ ሁለት ቀን ታመው አረፉ። አርባቸው ሲደርስ ማሳው ገና እሸት ስለነበር ለተዝካሩ የቀረበው ንፍሮና የቀጠነ ጠላ ብቻ ሆነ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው «ታረቀኝን የሚያህል ሰው፣ በዚህ?» ሲል አባቴ ሰማው። ካህናቱን አስነሥቶ፣ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ አፋፉ ወረደ። ማሳው ዳር ሲደርስ «የአባቴ ተዝካር ይኸውላችሁ» አለ። «ጎታ ውስጥ የነበረውን ለልጆቻችን ዘር ብለው አወጡት። ተዝካራቸው ቆሞ ነው ያለው።»

ቄሰ ገበዙ ገብሱን አዩት። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐቱን እዚያው ደገሙላቸው። ያ ያጉረመረመው ሰውዬ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። በስሜን ከዚያ የሚበልጥ ተዝካር አየሁ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ እኔ አላየሁም።

ሕዝቡ ሲበተን አባቴ ወደ እኔ መጣና ወንጭፉን እጄ ላይ አኖረው። «ከነገ ጀምሮ ማማው ላይ ትወጫለሽ» አለኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

ዛሬ ደባርቅ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ አስተምራለሁ፤ የመማሪያ መጽሐፉም የሚለው መልካም ነው። ከሁሉ ይልቅ ውስጤ የቀረው ግን ያ አዝመራ ነው። እስኪታጨድ ድረስ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽሁ፤ ድንጋዬንም ከጭላዳዎቹ ፊት እንጂ ከገላቸው ላይ አላሳረፍሁም። ገደሉ አፍ ላይ አንዲት ጠባብ ትልም ግን ሆን ብዬ ተውሁላቸው፤ ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም። አባቴ እያጨደ እዚያች ትልም ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ገደሉን አየ፤ ወደ እኔም አየ። ከዚያ ትልሟን ሳይነካ ማጭዱን ይዞ ተመለሰ።