የኦቦ ገመቹ ሰላምታ

ኦቦ ገመቹ ሲያርፉ ልጃቸው የሰጠችኝን መጽሐፍ ትናንት ስገልጠው፣ የናፍታሊን ሽታው ቡራዩ ድረስ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ ልጅ ሳለሁ አከራያችን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ይህን የአንድ ቀልደኛ ካቶሊክ ጸሐፊ መጽሐፍ እያነበቡ ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ የተቆጡ ወጣቶች መንገድ ሊዘጉበት የአባቴን መኪና ፈልገው መጡ። እናቴ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ኦቦ ገመቹ ግን በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና «አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ። የእያንዳንዱን እናት ጤንነት፣ የላሞቹን፣ የገብሱን ሁኔታ ጠየቁ። የሽማግሌ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነውና ሁሉም መለሱ። ፊት የነበረው ልጅ በሁለት እጁ ሊጨብጣቸው ድንጋዩን መሬት አስቀመጠ። አምስተኛዋ እናት ላይ ሲደርሱ መኪናውን የሚያነሳ ጠፋ። ወጣቶቹም ተሰናብተው ሄዱ።

እናቴ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እንዴት አልፈሩም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ! ግን ይኼ ቀልደኛ ጸሐፊ ምን ይላል መሰለሽ፤ ሰውን መጥላት የሚቻለው ስለ እናቱ ሳይጠይቁ ነው።»

ያኔ አልገባኝም። ትናንት ዓረፍተ ነገሩን አገኘሁት፤ አስምረውበታል። ብቻዬን ያሳቀኝ ግን ዳር ላይ በእርሳስ የጻፉት ነው፦ «ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።»