የቅዳሜው ቁራ

ልጅ ሳለሁ ቂመኛ ነበርኩ። አሁን ቦንጋ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፣ የራሴ ልጆች አሉኝ፣ ፀጉሬም መሸበት ጀምሯል፤ ቂሜ ግን አብሮኝ አደገ እንጂ አልቀረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቋጥሬ የምወስድለት አንድ ሽማግሌ አለ። ጎረቤቶቼ ይህን እያዩ «አንቺስ የጽድቅ ሰው ነሽ» ይሉኛል፤ እንዲህ ባሉኝ ቁጥር ቆሽቴ ያራል። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያደግሁት ከዋጫ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ እንሰት በከበበው ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የሞተው ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እኔና የእናቴ አባት ቀረን። አያቴን አባባ እንላቸው ነበር። ዐይናቸው ስለደከመ ቀኑን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የእንሰት ቃጫ ሲገምዱ ይውላሉ፤ ሲመሽ ወደ ምድጃው ይጠጉና ተረት ይጀምራሉ። ያኔ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ስለማይታወቅ እንጨታችን ሁልጊዜ እርጥብ ነበር፤ ጭሱ ዐይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዙ ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያወዛወዘ፣ እኔም ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆስኩ፣ አባባ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ቀስ ብለው ያወሩልን ነበር።

የጅቡንም የጦጣውንም ተረት ያውቃሉ። እኔ ደጋግሜ የማስወራቸው ግን ከንጉሥ ሸሽቶ ወንዝ ዳር ስለተደበቀውና ቁራ ስለመገበው ነቢይ ነበር። ነገሩ የሆነው በሩቅ አገር መሆኑን ቄሱ ነግረውናል፤ በአባባ አፍ ግን ወንዙ ጎጀብ ነው፣ ቁራውም የሚያመጣው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ቆጮ ነው። አንድ ምሽት «ቁራው ለምን መንገድ ላይ ራሱ አልበላውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መብላቱንማ ፈልጎ ነበር» አሉ። «ርቦት ነበር እኮ። ምራቁን እየዋጠ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ነቢዩን ይወደው ነበር?»

«ማን ነገረሽ? ቁራ ማንን ይወዳል? ታዞ ነው እንጂ። እግዚአብሔር ሲልክ ትወዳለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።»

ያኔ መልሱ አልጣመኝም። ቁራው ደግ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ መኩሪያ ልምጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አንቱ ልለው ይገባኛል፣ ፊት ለፊት ስንገናኝም እላለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። የአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ማግስት አጥሩን ነቅሎ ከቤታችን ጀርባ ያለውን እንሰት በሙሉ ወደ ራሱ ግቢ ከለለው። አባቴ በእጁ የተከለው፣ ለመቆረጥ የደረሰ፣ የዓመት ጉርሳችን ነበር። «የወንድሜ ነው፣ ወደ እኔ ይመለሳል» አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እሱ ቤት በልተው ጠጥተው ለእሱ ፈረዱ። ለእኛ የቀረን ደጃፋችን ላይ ያለው ችግኝ ብቻ ነበር፤ እንሰት ደግሞ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረን ያቆየነውን ቆጮ ለተዝካሩ አውጥተን ጨርሰነዋል፤ ጋሽ መኩሪያም መጥቶ ከሁሉ አብልጦ በልቶልናል።

እናቴ አልጮኸችም። «እግዚአብሔር አለ» አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ቡና ለቀማ ወጣች። ለቀማ ሲጠፋ ኮረሪማ ለቃቅማ ሺሺንዳ ገበያ ትወርዳለች። ዝናቡ ሲበረታ ሁለቱም ይቀራሉ፣ እኛም ጎመን ቀቅለን እንተኛለን። አባባ ከመኝታ በፊት ያስጸልዩናል። የዕለት ምግባችንን ስጠን ካልኩ በኋላ እኔ በሆዴ የራሴን እጨምር ነበር፤ የጋሽ መኩሪያን እግር ስበርልኝ፣ ላሙን ግደልልኝ፣ ቤቱን አቃጥልልኝ። ስምንት ዓመት የሞላኝ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከልቤ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ እናቴ በሩን ስትከፍት ደፉ ላይ በኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ነገር አገኘች። ስትፈታው ቆጮ ነው፤ ለሦስታችን ሁለት ቀን የሚበቃ። እናቴ ዙሪያዋን አየች፣ ማንም የለም። አባባ አሽትተው ፈገግ አሉ። «ቁራው መጣ» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። ከዚያ በኋላም አልቀረም። እናቴ ማን እንደሚያስቀምጠው አትጠይቅም፤ ታማትብና ትጠብሳለች። እኔ የምር ቁራ መስሎኝ ጣሪያችን ላይ ላረፈው ሁሉ እጅ እየነሳሁ ሰላም እለው ነበር።

ሆዴ ሲሞላ ቂሜ ይቀልላል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በረሃብ ጊዜ ለመጥላት እንኳ አቅም አልነበረኝም፤ ስጠግብ በረታሁ። እግዚአብሔር ጸሎቴን እኩሌታውን ሰምቶ እኩሌታውን እንደተወው ስላሰብኩ፣ የተተወውን በራሴ እጅ ልፈጽመው ቆረጥኩ።

በእኛ አገር የቤት ሀብት ያለው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንሰቱ ይፋቃል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይጫንበትና ወራት ይብላላል። ውሃ ካልነካው ከዓመት ዓመት ያደርሳል፤ ውሃ ከገባበት አለቀለት። የአባቴ እንሰት ተፍቆ አብዛኛው ጋሽ መኩሪያ ጓሮ ባለው ትልቁ ጉድጓድ እንደተቀበረ አውቅ ነበር። የገበያ ቀን ባልና ሚስቱ ሲወጡ ጠብቄ በአጥሩ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ቅጠሉን በማጭድ ቀደድኩ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበትን ቦይ በዱላ ጭሬ ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ አድርጌ ተመለስኩ። ያን ሰሞን ዝናቡ ሲወርድ ያልተኛሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በደስታ ነበር ያልተኛሁት።

ትልቁ ጉድጓድ የተከፈተው ለመስቀል ነው። እንግዳ ተጠርቶ ነበር። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ዐይኔን ተክዬ ቆሜአለሁ፤ ጋሽ መኩሪያ ሲዋረድ አንዲት ነገር እንድታመልጠኝ አልፈለግሁም። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። የመንደሩ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ቆጮው ጠቁሯል፣ ትል ወጥቶበታል። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ሕፃንነቴ ግን አንድ ነገር አስረስቶኝ ነበር። መሬቱ የወንድ ነው፣ ጉድጓዱ ግን የሴት ነው። ወንድ እጁን አያስገባበትም፤ ከተሳካ የእሷ ስም፣ ከተበላሸም የእሷ ነውር ነው። ሴቶቹ ያዩት ጋሽ መኩሪያን አልነበረም፤ ሚስቱን እትዬ ብርቄን ነበር። «እጇ ተበላሸ» ተባባሉ። ጋሽ መኩሪያም ከአጥሩ ላይ እንጨት ነቀለና በእንግዳው ሁሉ ፊት ደበደባቸው። እትዬ ብርቄ ክንዳቸውን አነሱ፤ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

አዘንኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ለእሱ ያዘጋጀሁት ዱላ ወደ ሌላ ሰው ስለሄደብኝ ተናደድኩ። ማዘን የመጣው በኋላ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ቁራው ቀረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ችግኞቹ መሃል ቁጢጥ አልኩ። ሰማዩ ወገግ ሲል በአጥሩ በኩል አንዲት ሴት ነጠላ ተከናንባ መጣች። አንድ እጇ በጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ደፉ ላይ ትንሽ ጥቅል አኖረች፣ ቃጫው ስለላላ በጥርሷና በአንድ እጇ አጠበቀችው። ቀና ስትል ፊቷን አየሁት፤ እትዬ ብርቄ ናቸው።

እሳቸውም አዩኝ። መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ከጉድጓዱ ጥግ የተረፈ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትንሽ ይሸታል። ለአባባ ደህና አድርጋ ትጥበስላቸው።»

ጥቅሉን አየሁት። ከዚያ «እርስዎ ነበሩ?» አልኳቸው።

«ምን የእኔ አለበት? የአባትሽ እንሰት አይደል? የእናንተኑ ነው የማመጣላችሁ።» ጭቃ የያዘውን እግሬን አዩ። «ቦዩ አጠገብ፣ ዝናብ ባልነካው ጥግ ትንንሽ የእግር ዱካ ነበር። እሱ ሳያየው በመዳፌ አጠፋሁት። ዳግም እንዳታደርጊው፣ ልጄ። እኔን ቢመታ ይተወኛል፤ አንቺን ቢይዝ አይተውሽም።»

ተነስተው ሄዱ። እኔ ጥቅሉን ይዤ ገባሁ። አባባ ነቅተው ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። «ዛሬ ቁራው ዘገየ» አሉኝ። «ክንፉ ተሰብሯል» አልኳቸው። እናቴ ጠበሰችውና ሦስታችንም በላን፤ ይሸት ነበር፣ ግን በላሁት። የአባቴን እንሰት በገዛ እጄ አበስብሼ የተረፈችውን እንደበላሁ እያወቅሁ ነው የዋጥኩት።

ዓመታት አለፉ። ችግኞቻችን ደረሱ፣ እኔም ተማርኩ፣ አባባም እናቴም አረፉ። ጋሽ መኩሪያና እትዬ ብርቄ ልጆቻቸው ተበታትነውባቸው፣ ለሕክምና እንዲመቻቸው ቦንጋ መጥተው ጠባብ ቤት ተከራዩ። ያ ክንድ ሳይቃና ቀርቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እትዬ ብርቄ ሊሞቱ ሲሉ ሆስፒታል ሆነው አስጠሩኝ። ስለ ጉድጓዱ አላነሱም። በደህናው እጃቸው እጄን ይዘው «ቅዳሜን አደራ» ብቻ አሉኝ። ለማን እንደሆነ ገባኝ። ማንንም እምቢ ማለት እችላለሁ፤ እሳቸውን ግን በምን አፌ?

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ቆጮ ጠብሼ፣ በኮባ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ። ዐይኑ አያይም። ድምፄንም ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቶት ስለማያውቅ የሰንበቴ ሴቶች የላኩኝ ይመስለዋል። «እግዚአብሔር ነው የላከሽ» ይላል። «አዎ፣ ተልኬ ነው» እለዋለሁ። ሲበላ እያየሁት በሆዴ የድሮውን ጸሎቴን እጸልያለሁ።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ እያላመጠ «ቆጮሽ ይጥማል» አለኝ። «ነፍሷን ይማርና ሚስቴ አትችልበትም ነበር። አንድ ጊዜ ሙሉ ጉድጓድ አበላሽታ በሰው ፊት አዋረደችኝ።»

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ አፈር ውስጥ ናቸው፣ እሱ ገና ይከሳቸዋል።

«ያበላሹት እሳቸው አይደሉም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ቅጠሉን የቀደድኩት፣ ቦዩን የመለስኩት እኔ ነኝ። የሰበሩት ክንድ ምንም አላጠፋም። የነጠቁንን በድብቅ መልሰው ላበሉን ሰው ነው ዱላ የመዘዙት።»

«ማነሽ አንቺ?»

«የወንድምዎ ልጅ።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ይህቺን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቃት ስለኖርኩ ቁጭ ብዬ አየሁት። «አንድም ቀን እኔ አይደለሁም አላለችኝም» አለና አለቀሰ። ሲያለቅስ ደስ አለኝ። ውሸት አልጽፍም፣ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አስጠላኝ። የፈለግሁትን ተናግሬአለሁ፣ ያየሁትንም አይቻለሁ፤ ከእንግዲህ ቢራብስ ምን አገባኝ እያልኩ ቆጮውን ጠበስኩት። እያልኩ ጠቀለልኩት። ባጃጁ ውስጥም እንደዚሁ እያልኩ ነበር።

በሩ ላይ ስደርስ እግሬን ሰምቶ ቀና አለ። «ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለኝ።

«እኔም አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ታዝዤ» አልኩትና ቃጫውን ፈታሁለት።

ከእነዚያ ምሽቶች ጭሱም፣ ኩራዙም፣ የጅቡና የጦጣው ተረትም እየደበዘዙብኝ ነው። ያ ምራቁን እየዋጠ የሚበር ወፍ ግን አልለቀቀኝም። ልጅ ሳለሁ ደግ እንዲሆን ስመኘው ነበር፤ አሁን ደግ ባይሆንም ነቢዩ ጾሙን እንዳላደረ አስባለሁ። ጋሽ መኩሪያን አልወደውም፣ ይቅርም አላልኩትም። ቅዳሜ ግን ቆጮው ይደርሰዋል።