የጋሼ ዱካሞ መረብ

ባለፈው ቅዳሜ ምራቴ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሁለት ቢልጫ ይዛ መጣች። በዚህ ቤት ዓሣ መበለት የእኔ ሥራ ነው፤ ቢላዬንም ማንም አይነካብኝም። ክረምቱ ጠንክሯል፤ ከታቦር ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ደጃችንን አጨቅይቶታል። የመጀመሪያዋን ዓሣ ሆዷን ስሰነጥቅ እንቁላሏ ተዘርግፎ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

«ውይ እማዬ! ወፍራም ናት ብዬ እኮ ነው የመረጥኳት» አለች ምራቴ።

«ወፍራም አይደለችም፤ ልትወልድ መንገድ የጀመረች ናት» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሁለተኛዋን መክፈት አቅቶኝ እጄን ታጠብኩና በረንዳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ትዝ ያሉኝ አባቴና ጎረቤታችን ጋሼ ዱካሞ ነበሩ። ሁለቱም ካረፉ ቆይተዋል።

ዓሣ የማይበላ አንባቢ ካለ ትንሽ ላስረዳ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቆሮሶውን ነው፤ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ የሚቀርበውን። ቢልጫ ሌላ ጠባይ አላት። በጋውን ሐይቁ ውስጥ ተበታትና ትከርምና ዝናቡ ገብቶ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሲሞላ ተሰብስባ ወደ ወንዙ ትወጣለች፤ እንቁላሏን ለመጣል። ወንዙ ሐይቁን የሚገናኝበትን ቦታ እኛ «መግቢያው» እንለዋለን። በዚያ ሰሞን መግቢያው ላይ መረብ የጣለ ሰው ዓሣ ፍለጋ አይደክምም፤ ቢልጫ ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ ነው የምታልፈው። አንድ ክረምት ሁሉም ሰው መረቡን እዚያ ከጣለ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት የሚያልፍ ዓሣ አይኖርም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ አቶ አንጁሎ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ ሐይቁ ዳር የቀረ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቀልድ የማይገባው ሰው። ልናሾፍበት ስንፈልግ «ጓድ ሊቀመንበር» እንለዋለን፤ እሱ ከልባችን መስሎት «አቤት» ይላል። እኔ ትምህርቱ ስላልሆነልኝ አሞራ ገደል ከሴቶቹ ጋር ዓሣ እበልት ነበር። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲጠጉ ከኛ ቀድመው የሚሰለፉት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ናቸው፤ እንደ ቀበሌ ሹም ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ወንዶቹ ጥሬውን ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ እየበሉ ይሟገታሉ። ቅርፊት በየፀጉራችን፣ ሽታው በየልብሳችን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ዓሣው እያነሰ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። ከእርሻ መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት ባለሙያም፣ የማኅበሩ ሽማግሌዎችም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ በክረምት መግቢያው ይዘጋ አሉ። ስብሰባው ረጅም ነበር። እሑድ እሑድ ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምዱትስ ተብሎ ተጠየቀ። መረብም መንጠቆም፣ ለሽያጭም ለጨዋታም ክልክል ይሁን ተባለ። ያጠፋስ ምን ይሁን ሲባል ተነስቶ «መረቡ አሞራ ገደል ላይ በሁላችን ፊት ይቃጠል» ያለው አባቴ ነው። ዝም ተባለ። ከዚያ ጋሼ ዱካሞ ከሁሉም ቀድሞ እጁን አወጣ፤ ሌላውም ተከተለ።

ዝም የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያኔ የመረብ ክር ከሱቅ አይገኝም። ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ ተፈልጎ ይቀደድና ክሩ ከውስጡ በጥርስም በጥፍርም እየተመዘዘ ይወጣል። ከዚያ ይከረራል፣ ይቋጠራል። አንድ መረብ አንድ ሙሉ በጋ ይበላል። የጋሼ ዱካሞን መረብ የሠራችው ባለቤቱ እትዬ ዘነበች ነበረች፤ አጥራችን አንድ ስለሆነ ጎማውን እየጎተተች ስታጉረመርም ከጓዳዬ እሰማት ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ቋጠሮ ይለያል። የሷ ቋጠሮ ድርብ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያው ክረምት የጋሼ ዱካሞ እናት አረፉ። ሲዳማ ውስጥ ለቅሶ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ዘመድ ከደጋ፣ ከአርቤጎና በኩል፣ በዝናብ በጭቃ ወርዶ ለቀስተኛው ግቢውን ሞላው። እንግዳው መብላት አለበት። የደጋ ሰው ደግሞ ያኔ ዓሣ አይቀምስም፤ ቆጮና ቅቤ ከገበያ መምጣት ነበረበት፤ ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ ዓሣ ሲሸጥ ነው። ሐይቁ በማዕበል ምንም አልሰጥ ብሎ ሰንብቷል። ለቅሶ የመጣን ዘመድ ጦሙን ማሳደር ለጋሼ ዱካሞ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከለቀስተኛው መሀል ተነስቶ ሄደ፤ መረቡንም መግቢያው ላይ ጣለ።

ጠዋት የማኅበሩ ጥበቃ መረቡን አግኝቶ ጎትቶ አሞራ ገደል አመጣው። መረቡ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ሁላችንም ከበን ቆምን። ድርቡን ቋጠሮ እያየ ስም የጠራ ሰው ግን የለም። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ጋሼ ዱካሞ የሐዘን ጋቢውን እንደለበሰ መጣ።

«የእኔ ነው» አለ።

አንድ ሽማግሌ አባቴን ክንዱን ያዙት። «አንጁሎ፣ ሰውየው እናቱን ቀብሮ ነው። ቢያንስ ለቅሶው ይውጣ።»

«ለቅሶው ይውጣ ካልን ነገ ሌላው ሠርጌ ይውጣ ይላል» አለ አባቴ። ድምፁ ግን የሱ ድምፅ አልነበረም።

«ተዋቸው፣ አቃጥል» አለ ጋሼ ዱካሞ። «እጄን አውጥቼ የለም እንዴ?»

ላምባ ተርከፍክፎ ክብሪት ተጫረ። የጎማ ክር እንደ ገለባ ቦግ ብሎ አያልቅም፤ እየቀለጠ፣ እያንጠባጠበ፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ይቆያል። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። እናቴ በዚያ ቀን ለአባቴ ምሳ አላቀረበችም፤ ያለንን ቆጮ ጠቅልላ ለቅሶ ቤት ወሰደችና አምሽታ ተመለሰች። እኔም አባቴን ጠላሁት። እንዲህ ያለ ቃል ለአባት አይባልም፤ ግን የተሰማኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል ሁለት ላንድሮቨር ወደ መግቢያው ወረደ። አንድ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቹን ሊያዝናና ነው፤ ያማሩ የመንጠቆ ዘንጎች፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ቢራ በሣጥን ይዘዋል። ወሬው በአንድ አፍታ ተዳርሶ አጥማጁ ሁሉ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ጋሼ ዱካሞም ነበረ። እኔ ለአባቴ የተቀቀለ በቆሎ ይዤ ሄጄ ስለነበር ቅርብ ነበርኩ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ተጠጋ።

«ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ቦታ በክረምት ማጥመድ ክልክል ነው።»

ባለሥልጣኑ ዞር ብሎ አየው። «ለማን ነው ክልክል?»

«ለሁላችንም።»

«እኛ ነጋዴ መስለንህ ነው? ለመዝናናት ነው የመጣነው።»

«አውቃለሁ ጓድ። ለተያዘችው ዓሣ ግን ያው ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ባለሥልጣኑ አልሳቀም። «አንተ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?» አለው።

አባቴ ኮፍያውን እጁ ላይ ጨምድዶታል። «ባለፈው ሳምንት እናቱን የቀበረ ጎረቤቴን መረብ አቃጥያለሁ። ያውና ቆሟል። ለእርስዎ ከፈቀድኩ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

የሳቀው እንግዳ ሳቁን ትቶ ክሩን ራሱ ጠቀለለ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ከሩቅ የቆሙት አጥማጆች ውስጥ ያጨበጨበ ሰው የለም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይታለፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ቤታችን መጥተው አባቴን «ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» ብለው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ቤተሰብ ምን እንደሚሰማው ያየው ያውቀዋል። ለጥቂት ጥያቄ ሄደው ልብሳቸው ብቻ የተመለሰ ነበሩ። ሕዝብን በባለሥልጣን ላይ አነሳስቷል ተባለ። እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ የእስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላት በልቷል፣ አለ ማለት ነው ብላ ታለቅሳለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ጠልቼው ስለነበር ይሆን የወሰዱት እያልኩ ራሴን አሰቃይ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከታሰረ ሕጉ ምን ይሆናል? ወጣቶቹ ከዚህ ወዲያ መግቢያው ለማንም ነው ማለት ጀመሩ። አንድ አመሻሽ ላይ እናቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆጮ ሰጥታኝ «መግቢያው ጋ ውሰጂ፣ ለጋሼ ዱካሞ» አለችኝ። ግራ ገብቶኝ ሄድኩ። ጋሼ ዱካሞ በደንገል ታንኳው ላይ፣ መግቢያው መሀል ላይ ለብቻው ተቀምጧል። መረብ የለውም፤ ምን መረብ አለውና። ሦስት ጀልባ መረባቸውን ጭነው ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

«ጋሼ ዱካሞ፣ ይልቀቁን እንጂ» አለው አንዱ። «አንጁሎ እርስዎን ምን ያደረገ ሰው ነው? ለሱ ብለው ነው?»

«ለሱ አይደለም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የእኔ መረብ በዚህ ቦታ ምክንያት ተቃጥሏል። ዛሬ እናንተ እዚህ ከጣላችሁ የዘነበች የአንድ በጋ ድካም በከንቱ ነደደ ማለት ነው። መጣል የፈለገ እኔ ላይ ይጣል።»

አንደኛው ጀልባ ፊቱን አዞረ፣ ቀጥሎ ሁለቱ። እኔ ቆጮውን ይዤ ዳር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ያ ታንኳ ከመግቢያው አልተነሳም፤ ጋሼ ዱካሞ ሲደክመው ያ «ይልቀቁን» ያለው ልጅ ራሱ ይተካው ጀመር።

አባቴ መስቀል ካለፈ በኋላ ተፈታ። ከስቷል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ምን እንዳደረጉት እስኪሞት አልነገረንም። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቤታችንን አልፎ ወደ ጎረቤት በር ሄደ። ጋሼ ዱካሞ ወጣ።

«መግቢያው እንደተዘጋ ነው» አለው።

አባቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች ግቢው ውስጥ ሌላ አሮጌ ጎማ ስትቀድድ ነበር። ቀና ብላ አየችውና «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቴ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀምጦ ክር መምዘዝ ጀመረ። በጋውን ሙሉ ከሐይቅ ሲመለስ እዚያ እየተቀመጠ መዘዘ። ብዙም አይነጋገሩም ነበር።

እትዬ ዘነበች ዛሬም በሕይወት አለች፤ ቡሹሎ ሰፈር ልጇ ጋ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል። ቅዳሜ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳስበው የዋልኩት ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ እሑድ በባጃጅ ሄድኩ። ሰው በዚህ ዕድሜ እንደሚጫወተው ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ኑሮው ውድነት ተጫወትን። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ አባቴን ይቅር ብለሽው ነበር?»

«አንጁሎ ጥሩ ሰው ነበር» አለች። «መረቡን ገና ክሩን መምዘዝ ሲጀምር ትቼለታለሁ። እናታችንን ቀብረን ሳንጨርስ እሳት ይዞ ፊቴ መቆሙን ግን አልተውኩለትም። እሱም ያውቅ ነበር።»

ልጁ ነኝና ልከራከርለት ፈለግሁ። ሕጉን አስከብሯል፣ ዋጋውንም በገላው ከፍሏል ልላት ነበር። እውነት ነው፤ ያ ታንኳ መግቢያው ላይ የቆመው እሳቱ ስለነደደ ነው። እሳቱ የነደደው ግን በሷ ድካም ላይ፣ በሷ የሐዘን ቀን ነው። ይህን ሁለቱን ነገር ዛሬም ማስታረቅ አልቻልኩም፤ አባቴም የቻለ አይመስለኝም። ተንበርክኬ እጇን ሳምኩና በአባቴ ፋንታ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ዘገየሽ እኮ» አለችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችውም።