አራስ ቤት ያልደረሰው አዋጅ

የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሴት ልጇን የታቀፈች ታላቅ እህቴ፣ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ከእህቴ ማሳ ቀጥሎ መሬት ያላቸው መሪጌታ፣ ባለቤታቸው፣ እኔ። የእህቴ ባል ለቀን ሥራ ደብረ ማርቆስ ነበር። ቦታው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ የእህቴ ደጃፍ ነው።

የውሃ አባት የመጡት ተራዋ መዘለሉን ሊነግሯት ነው። ለቦይ ጠረጋ ሰው ያላወጣ የሳምንቱን ውሃ ያጣል የሚል ደንብ ወጥቷል። የእህቴ ድንች አበባ ይዟል፤ መሬቱ ግን ተሰነጣጥቋል። ሌላ ሳምንት አይቆይላትም።

“እሑድ በቤተ ክርስቲያን በአዋጅ ተነግሯል” አሉ የውሃ አባት።

“አራስ ነኝ እኮ አባባ! ልጄ ክርስትና ሳትነሳ ቤተ ክርስቲያን ልገባ ኖሯል?”

መሪጌታ ሊናገሩ ሲሉ ባለቤታቸው ቀደሟቸው፦ “እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ! የሷ ውሃ ወደኛ አይደል የሚመጣው?”

“ስለሚመጣማ ነው የምናገረው” አሉና ወደ ውሃ አባት ዞሩ። “አዋጅ ምንድን ነው?”

“ሕግ ነዋ!”

“ቃሉ ከግእዙ ‘ዐዋዲ’ የመጣ ነው። ‘ዖደ’ ማለት ዞረ ነው፤ ዐዋዲም እየዞረ የሚያሰማ። ይኸ አዋጅ እዚህ ደጅ ዞሯል?”

“በዚህ ጉልበቴ ቤት ለቤት ልዙር?”

“‘የሰማህ ላልሰማ አሰማ’ ይባል የለም? ሁላችን ሰምተናል። እኔ ጎረቤቷ በደጇ ሳልፍ ምን አልኳት? ‘እንኳን ማርያም ማረችሽ’ ብቻ።”

“እሱንም እኔ ጎትጉቻቸው!” አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ።

የውሃ አባት ወደኔ ዞሩና፣ “በሉ፤ ወንድሟ ነገ አካፋ ይዞ ይውጣ። ውሃው የሷ ነው” አሉ። በማግስቱ ለጠረጋው ወጣሁ።

ትምህርቴን ካቋረጥሁ ወዲህ የማላውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ እፈልጋለሁ። አዋጅን ግን በሬዲዮ እየሰማሁት ስላደግሁ የማውቀው መስሎኝ ፈልጌው አላውቅም። ያስተማሩኝ መሪጌታ ናቸው። ያን ሳምንት የሳቸው ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኖ አይቻለሁ፤ ስለሱ አንድም ቃል ሲተነፍሱ አልሰማሁም። እህቴ ድንቿን ቆፍራ ወደ ቤቷ አስገብታለች። መሪጌታን እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አላረጋገጥሁም፦ ቦዩን ወደ ድንቹ የከፈተው ማን ነው? እኔ መሪጌታን አስታውሳለሁ፤ እህቴ ባለቤታቸው ናቸው ትላለች። ቦዩ ሲከፈት የነበራችሁ ንገሩኝና ላስተካክለው፤ ምስጋናው ለሚገባው ይድረስ።