በሦስተኛው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ሰው

ከፒያሳ የወጣሁት ሰኞ ማለዳ ነው፤ ሰዓት እላፊው እንደተነሳ፣ ጊዮርጊስ ኪዳን እየደረሰ። እህቴ ከዲጃ በር ላይ ቆማ "ነጠላሽን ወደ ፊት ሳቢው" ብቻ አለችኝ። ማልቀስ ፈራን። ያን ጊዜ የሚያለቅስ ሰው "ለማን ነው የምታለቅሰው?" ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች "ራህመት ፖለቲካ ነበረባት ወይ?" ትላላችሁ አሉ። አልነበረብኝም። የነበሩኝ አሥራ አራት ልጆች ናቸው።

የስዕል አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ልጆች ታሪክን በስዕል እንዲናገሩ አስተምር ነበር። ወረቀቱን አራት ሳጥን እናደርገዋለን፤ በየሳጥኑ አንድ ነገር ይሆናል፤ ሰው ሲናገር ከአፉ ፊኛ አውጥተን ቃሉን እዚያ እንጽፋለን። የአራዳ ልጅ መቼም አንድ ፊኛ አይበቃውም። አንዱ ለአህያ ሁለት ሰጥቶ "ሁለተኛው ሐሜት ነው፣ እትዬ" ብሎኛል።

አንድ ቅዳሜ ርዕሱ "ጤፍ ከእርሻ እስከ ገበያ" ነበር፤ የሰጠን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ሰናይት የምትባል ዝምተኛ የአፍንጮ በር ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በሦስተኛው ሳጥን ከገበሬው ጀርባ ሌላ ሰው ሳለች። መሬት ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ጫማ አለው፤ ሌላው ባዶ ነው።

"ይሄ ማነው?"

"እንጃ እትዬ። እዚህ ያለው ነው።"

ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ። በሳምንቱ ሰባት ልጆች ሳሉት። እንዳይኮራረጁ አራርቄ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ሁሉም ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ነው ያደረጉት፤ ሁሉም ባዶ ያስቀሩት ግራ እግሩን ነው።

"ማን ነገራችሁ?"

"ይቆጥራል እኮ" አለች ሰናይት ወደ ኋለኛው ግድግዳ እያየች። "ሃያ ሊደርስ ሲል ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል።"

ልጆቹ ሲሄዱ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከጀርባው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የዕቃ መጋዘን አለ፤ ባዶ ነው ሲባል ነው የማውቀው። ከግድግዳው ወዲያ፣ በቀስታ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ... ከዚያ ዝምታ። ከዚያ፣ አንድ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳበስኩት፤ መርፌ የሚያሾልክ ስንጥቅ የለውም። ድምፁንስ ይስሙት፤ ጫማውን በምን አዩት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከወዲያ ድምፅ አልነበረም። ልጆቹም ሰውዬውን አልሳሉትም። ማንም ሳይነግራቸው ሦስተኛውን ሳጥን ባዶ ትተው ወደ አራተኛው አለፉ። ያን ቀን ሊቀመንበሩ መጣ፤ መሳቢያዬን ከፍቶ ያለፈውን ሳምንት ወረቀቶች አወጣ።

"ጓድ ራህመት፣ ይሄ ሰው ከየትኛው መደብ ነው?"

"ገበሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ምነው ታዲያ አንድ ጫማ ብቻ?"

"ሁለተኛውን አብዮቱ እያመጣለት ነው።"

ሳቀ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። "ሰኞ ልጆቹን አንድ በአንድ ታመጫቸዋለሽ። ማን እንዳሳያቸው ራሴ እጠይቃለሁ።"

እሁድ በቁልፌ አዳራሹን ከፍቼ ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያንን ሰው በትልቁ ሳልኩት። ፊቱን ግን መሥራት አቃተኝ። ከሥሩ "ልጆች፣ ይህን አስመስላችሁ ሳሉ" ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ አሥራ አራቱም ቤት ዞርኩ። "ስትጠየቁ እትዬ ናት ያሳየችን በሉ" አልኳቸው። ሰናይት ብቻ እሺ አላለችኝም።

በማግስቱ ማለዳ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር በእግር ጅቡቲ ገባሁ። የመንገዱን ነገር ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁበትን አላህ አያሳያችሁ።

የስደተኞች ቢሮ ያለው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ሥራሽ?"

"ለልጆች በስዕል ታሪክ መንገር አስተምራለሁ።"

"እሱ ሥራ ነው?"

"ያሰደደኝስ እሱ ነው።"

ካርዱ ላይ "ሥራ የላትም" ብሎ ጻፈ።

ቤት ያከራየችኝ ድሬዳዋ ያደገች አሮጊት ናት፤ ማዳም ይሏታል። "መስኮት የለውም እንዴ፣ ማዳም?" ብላት "መስኮት ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ? ሙቀቱ በበር ይገባል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የሐምሌን የፒያሳ ጭቃ፣ ጫማ የሚያስቀረውን ጭቃ፣ እንደ ዘመድ ናፈቅኩት። እዚህ ዳቦው ባጌት የሚሉት ዱላ ነው፤ ጎረቤቱም እንዴት አደርሽ ከማለት በፊት "ወረቀት አለሽ?" ይላል። ከጊዜ በኋላ በሸራ ጥላ ሥር የስደተኛ ልጆች ሰብስቤ አራት ሳጥን ማስመር ጀመርኩ።

ከፖስታ ቤት ለከዲጃ መደወል የቻልኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። በቀጠሮ በጎረቤት ሱቅ ስልክ ላይ ጠበቀችኝ።

"የእኛ ልጆች ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። እንዳልሽው አሉ። እትዬ ናት አሉ።"

"ሁሉም?"



"ትንሿ፣ ያቺ ዝምተኛዋ፣ እምቢ አለች። እሷ አይደለችም፣ ቀድመን ያየነው እኛ ነን አለች።"

"ከዚያስ?"

"እናቷ ወሎ ወስዳታለች ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ይላሉ አልኩሽ እኮ፣ ራህመት" አለችኝ፤ ድምጿ ወርዶ። "አንቺ ጋ ሙቀቱ እንዴት ነው?"

ስለ ሙቀቱ ነገርኳት። እየነገርኳት እያለ መስመሩ ተቋረጠ።

ከፖስታ ቤቱ በቀጥታ ወደ ሸራው ሄድኩ። ልጆቹ ሳጥናቸውን አስምረው ይጠብቁኝ ነበር።

"ምን እንሳል?" አሉኝ።

"የፈለጋችሁትን" አልኩና ስዕሉን ጨርሰው ወረቀቶቻቸውን አጣጥፈው እስኪይዙ ድረስ፣ ሦስተኛውን ሳጥን እንዳላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ።